ጢስ የሌለበት ሸለቆ

ውብ የሆነ ነገር ሁሉ ንጹሕ ነውን? ዓይን ወዶ የተቀበለውን ነገር ኅሊና ሊጠይቀው፣ «ከወዴት መጣህ?» ሊለው ይገባልን? ይህን ጥያቄ ያገኘነው ከፈላስፎች መጽሐፍ አይደለም። ከጀርባችን ጓዝ ጋራ ተጭኖ ከሸለቆ ወደ ሸለቆ አብሮን ሲዞር የሰነበተ ጥያቄ ነው፤ ስለዚህ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ከነአረንቋውና ከነዝናሙ ነው።

ነገሩ የሆነው በስኮትላንድ ነው። የአገሩ ሰሜናዊና ምዕራባዊ ክፍል ሃይላንድ ይባላል፤ ደጋ አገር እንደ ማለት ነው። ከፎርት ዊሊያም ከተማ ተነሥቶ የብሪታንያ ምድር በሰሜን ምዕራብ እስከሚያልቅበት እስከ ኬፕ ራዝ የሚደርስ፣ ርዝመቱ 370 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን የእግር ጉዞ አለ። መንገድ የምንለው ለአነጋገር ያህል ነው እንጂ ከዳር እስከ ዳር ምልክት የተተከለለት ጎዳና አይደለም። መንገደኛው በካርታና በኮምፓስ እየተመራ፣ አንዳንድ ጊዜ የእረኛ መሄጃ ይዞ፣ አንዳንድ ጊዜም በአረንቋው መካከል እየዘለለ፣ መንገዱን ራሱ ይመርጣል። ድንኳኑን፣ የመኝታ ከረጢቱን፣ የአራት የአምስት ቀን ስንቁንና ትንሽ የጋዝ ምድጃውን በጀርባው ይሸከማል። የኛ ሸክም ስንነሣ 16 ኪሎ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ግን ሚዛኑ ዋሽቶናል ብለን ተጠራጠርን።

ሰው ባቡርና መኪና ባለበት አገር፣ ያለ ንግድ፣ ያለ ስለት፣ ያለ አዛዥ፣ ጓዝ ተሸክሞ ሁለት ሦስት ሳምንት የሚሄደው ለምንድን ነው? አንድ ሽማግሌ ዘመዳችን ይህን በነገርናቸው ጊዜ «ለመሆኑ ምን ጠፍቶህ ነው?» አሉን። ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ስቀን አለፍነው።

ደስታው እውነተኛ ነው፤ ይህን ክዶ ስለ ኅሊና መጻፍ ግብዝነት ይሆናል። በፈረንጆች ግንቦት መጨረሻ በዚያ አገር ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ቀኑን ሙሉ የዘነበው ዝናም ያቆምና ደመናው ከተራራው ራስ ላይ ቀስ ብሎ ይነሣል። ከአንዱ የተራራ በር ላይ ቆመው ቁልቁል ሲመለከቱ ሸለቆው ከአፍ እስከ ገደፉ ባዶ ነው። ቤት የለ፣ አጥር የለ፣ የውሻ ጩኸት የለ፤ የሚሰማው የውሃና የነፋስ ድምፅ ብቻ ነው። ይህን ዝምታ ነው ሰው ከሩቅ አገር ድረስ ገንዘቡን ከፍሎ የሚፈልገው። እኛም ፈለግነው፤ አገኘነውም።

ሕጉም ይፈቅዳል። የስኮትላንድ ምክር ቤት በ2003 ባወጣው የመሬት ማሻሻያ ሕግ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ማንም ሰው ንብረት እስካላጠፋና የሌላውን ሰላም እስካልነሣ ድረስ በባለርስት ኮረብታ ላይ ለመሄድና ድንኳን ተክሎ ለማደር መብት አለው። ጄምስ ብራይስ የተባሉት የእንግሊዝ ምክር ቤት አባል ይህን የመሰለ ሕግ አርቅቀው ያቀረቡት በ1884 ነበርና እስኪፈጸም ድረስ 119 ዓመት አለፈ። አጋዘን በነጻ የሚመላለስበትን ምድር ሰው በመብቱ እንዲረግጠው ከአንድ መቶ ዓመት በላይ መለመን ነበረበት ማለት ነው።

በጉዞአችን በሦስተኛው ቀን ኖይዳርት ከሚባለው አገር ጠርዝ ደረስን። ባሕሩ በሁለት ተራራ መካከል እንደ ምላስ ወደ ምድር ገብቷል፤ ሎክ ኔቪስ ይሉታል። ዝናሙ ከማለዳ ጀምሮ አልተወንም። ድንኳን የምንተክልበት ደረቅ ቦታ ብንፈልግ የረገጥነው ሁሉ ሰምጦ ውሃ ይተፋል። ካርኖክ ከምትባለው ስፍራ፣ ከወንዙ አፍ አጠገብ በደረስን ጊዜ ግን በጠቆረው ረግረግ መካከል ለብቻው አረንጓዴ የሆነ፣ ደልዳላና ለስላሳ ሣር አየን። ችካሉ ያለ ድንጋይ ምት ገባ። በዚያ አገር ለደከመ መንገደኛ ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የለም። አመስግነን ተኛን።

ሲነጋ ሰማዩ ጠርቶ ነበር፤ ፀሐይዋም ዝቅ ብላ በጎን ትመታ ነበር። ያን ጊዜ ማታ ያላየነውን አየን። ከድንኳናችን ግራና ቀኝ እስከ ጉልበት የሚደርስ የድንጋይ ግንብ መሠረት ነበረ፤ ማዕዘኑ ሣር ለብሷል። ከበላዩ ባለው ተዳፋት ላይም ጥላና ብርሃን እየተፈራረቀ፣ መስመር በመስመር የተጋደመ ነገር ታየን። ትልም ነበር፤ ማንም ሳያርሰው የኖረ የጥንት ትልም። ከኛ ጋራ የሚሄደው ስኮትላንዳዊ መምህር ሻዩን እየጠጣ «የተኛችሁት እኮ ሰው ቤት ውስጥ ነው» አለን።

ሣሩ ለምን በዚያ ብቻ አረንጓዴ እንደ ሆነ ያስረዳንም እርሱ ነው። ከቤት የወጣ አመድ፣ ከበረት የወጣ ፍግ፣ ሴቶች በጀርባቸው እያዘሉ ከባሕር ዳር ያመጡት የባሕር አረም፣ ስንት ትውልድ ሙሉ በዚያች ቁራሽ መሬት ላይ ሲፈስ ኖሯል። ሰዎቹ ሄዱ፤ ድካማቸው ግን በአፈሩ ውስጥ ቀረ። መንገደኛ ከሩቅ አይቶ የሚመርጣት ደረቅ ማደሪያ አብዛኛውን ጊዜ የሌላ ሰው እልፍኝ ናት። ከዚያን ቀን በኋላ ካርታውን ስንዘረጋ ሌላ ነገር አየን። «አሕ» እያለ የሚጀምር ስም ሁሉ በጌሊክ ቋንቋ እርሻ ማለት ነው። ካርታው እርሻ እርሻ ይላል፤ ምድሩ ግን ጭው ያለ ነው።

ስለ ሰዎቹ አወጣጥ በአጭሩ መናገር ይገባናል። የሃይላንድ ሰው መሬቱ በጎሣው አለቃ ስም ይሁን እንጂ አያት ቅድመ አያቶቹ በኖሩበት ምድር እርሱም የመኖር መብት እንዳለው ያምን ነበር። ይህን እምነት በቋንቋቸው ዱኻስ ይሉታል፤ ርስት የሚለውን ቃል ለሚያውቅ አንባቢ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ዳሩ ግን እምነቱ በልብ ነበረ እንጂ በወረቀት አልነበረም። ያመፁት ጎሣዎች በ1746 በኩሎደን ጦር ሜዳ ድል ከሆኑ ወዲህ የአለቃ ክብር በተከታዩ ብዛት መለካቱ እየቀረ በኪራይ ገቢው ብዛት ይለካ ጀመር። አለቃው ባለርስት፣ የጎሣው ልጅ ጭሰኛ ሆነ። በግም ከጭሰኛ የበለጠ ኪራይ የሚያስገኝ ሆኖ ተገኘ። በኖይዳርት በ1853 ከሦስት መቶ በላይ የሚሆኑ ሰዎች ሲለሪ በምትባል መርከብ ተጭነው ወደ ካናዳ ተላኩ፤ እንዳይመለሱም ቤታቸው ፈረሰ። አንሄድም ያሉ ጥቂት ቤተ ሰቦች በፍርስራሹ ሥር ዳስ ቢጥሉ ያም ዳስ ደግሞ ደጋግሞ ፈረሰባቸው።

ለእውነት ሲባል የሚከራከሩትንም መስማት ያሻል። ሕዝቡ በዝቶ መሬቱ ጠቦት ነበር፤ በ1846 የድንች በሽታ ገብቶ ረኃብ ሆኗል፤ በገዛ ፈቃዱ የተሰደደም አለ፤ ደኑም ቢሆን አብዛኛው ከዚያ ቀድሞ አልቆ ነበር ይላሉ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ቢሆንም ጣራ በራሱ ጊዜ አይፈርስም። ደግሞም የበጉ ዋጋ ከጊዜ በኋላ ሲወድቅ ሰውን ያባረረው በግ በተራው ተባረረና ሸለቆው ለባለጸጎች የአጋዘን ማደኛ ሆነ። ዛሬ «ያልተነካ ተፈጥሮ» እያልን የምናደንቀው ዝምታ እንግዲህ በዚህ መንገድ የተሠራ ነው።

ከካርኖክ ተነሥተን ወደ ላይ ስንወጣ ከመምህሩ ጋራ ክርክር ገጠምን። እኛ የሌላው ሰው መባረር ባስገኘው ነገር መደሰት ከአባራሪው ጋራ መካፈል ነው አልን። እርሱም «ተራራው ምን አጠፋ? ብርሃኑስ ምን አደረገ?» አለ። ቀጥሎም «እንዲህ ከሆነ በምድር ላይ የማን እንባ ያልወደቀበትን ሸለቆ ልትረግጡ ነው?» ብሎ ጠየቀን። ብርቱ ነገር ነው። የዓለም ታሪክ የመፈናቀል ታሪክ ስለ ሆነ በንጹሕ ምድር ላይ ብቻ እሄዳለሁ የሚል ሰው እግሩን የሚያሳርፍበት ጫማ ታህል መሬት አያገኝም። ዳገቱም ቀጥ ያለ ስለ ነበረ ለመልስ የሚሆን ትንፋሽ አልነበረንም።

ከዚያ በኋላ በብዙ ቀን ጉዞ ወደ ሰሜን ዘልቀን፣ ኡላፑል ከምትባለው የወደብ ከተማ አሻግሮ ባለው አገር፣ የሽቦ አጥር የሚጠግን አንድ ጎልማሳ አገኘን። ሰላምታ ከተሰጣጣን በኋላ አገርህ እንዴት ያለ ውብ ነው አልነው። «ውብስ ውብ ነው» አለ ሽቦውን እየወጠረ፤ «አክስቴ ግን በመጨረሻ ዘመንዋ የምታነጋግረው ጎረቤት አጥታ ነው የሞተችው።» ጥቂት ዝም ካለ በኋላም የወንድሙ ልጅ በሸለቆው ውስጥ ቤት ለመሥራት ፈቃድ በጠየቀ ጊዜ የተቃውሞ ደብዳቤ እንደ ደረሰበት ነገረን። የጻፉት በዓመት አንድ ጊዜ የሚመጡ፣ የስፍራው ባዶነት እንዳይበላሽ የሚጨነቁ ሰዎች ናቸው። «መንገደኞች ናቸው» አለ፤ «እንደ እናንተ ያሉ። ጥሩ ሰዎች ናቸው።»

ከመምህሩም ሆነ ከኛ ክርክር ይልቅ ይህ ሰው ወደ ነገሩ ሥር ቀረበ። እኛ ስንጨቃጨቅ የነበረው ስላለፈው በደል ነው፤ ያለፈውን በደል ደግሞ ማወቅና ማዘን መንገደኛን ምንም አያስከፍለውም። እንዲያውም ኀዘን ራሱ ለውበቱ ቅመም ሊሆን ይችላል። የፈረሰ ግንብ አይቶ መተከዝ ለብዙ ሰው የጉዞው ደስታ ክፍል ነው፤ በኛም ላይ ደርሷል። ስለዚህ ዕውቀትና ኀዘን ብቻ ከወቀሳ አያድኑም። ወሳኙ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይህ የምንወደው ሸለቆ ነገ ጢስ ቢወጣበት፣ ሕፃናት ቢጮኹበት፣ መስኮቱ በማታ ቢበራ፣ መውደዳችን ይቀጥላልን?

የሌላው ሰው መኖር የሚያጠፋው ፍቅር ካለን ያ ፍቅር የተባረረውን ሰው እንደገና ሊያባርር የተዘጋጀ ነው። ባለርስቱ ሰውን ያስወጣው በኪራይ ሒሳብ ነበር፤ እኛ ደግሞ እንዳይገባ የምንከለክለው በውበት ሒሳብ ይሆናል። በሩ የተዘጋበት ሰው ግን የሒሳቡን ዓይነት ለይቶ አይጽናናም። ጢሱ ቢታይበትም የሚጸና ፍቅር ከሆነ ግን መምህሩ እንዳለው ተራራውም ብርሃኑም ምንም አላጠፉ፤ የወደዳቸውም አላጠፋም።

በዚህ ሚዛን ራሳችንን ብንመዝን ምን ይወጣናል? መናዘዝ ይሻላል። በጉዞአችን በሁለተኛው ቀን ማታ፣ ለብቻችን እናድርበታለን ብለን ተስፋ ባደረግንበት ሐይቅ ዳር ከኛ ቀድሞ የተተከለ አንድ ቀይ ድንኳን ስናይ ተቆጥተን ነበር። ሰውየው ምንም አላደረገንም፤ ሻይ ጋበዘን። ቍጣችን ግን እስከ ነገ ጧት አልበረደም። አንዲት ድንኳን ያልቻለ ልብ መንደር እንዴት ይችላል?

ይህ የኛ የግል ድካም ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍነው። በ2014 የመንግሥቱ የተፈጥሮ ጥበቃ መሥሪያ ቤት 42 ስፍራዎችን የዱር ምድር ብሎ በካርታ ላይ አሰፈረ። የተፈጥሮ ወዳጆች ደስ አላቸው፤ ደስታቸውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጥበቃ የሌለው ኮረብታ በአንድ ዘመን ይበላሻልና። ከሃይላንድ ተወላጆች መካከል ግን አያቶቻችን ያረሱትን እንዴት ዱር ትሉታላችሁ ያሉ ነበሩ። በሌላ በኩል የኖይዳርት ነዋሪዎች ከወዳጆቻቸው ጋራ ገንዘብ አዋጥተው በ1999 ከኖይዳርት ምድር ከፊሉን ገዙ። ሲለሪ ከሄደች 146 ዓመት መሆኑ ነው። ተራራው ከዚያ ወዲህ አላጠረም፤ መንገደኛም መምጣቱን አልተወም።

ስለ ሸክም አንድ ነገር ሳንል ማለፍ አንወድም። ጥቂት የጉዞ ወዳጆች በፈቃድ የተቀበሉት ድካም ነፍስን ያነጻል ብለው ሲጽፉ እናነባለን። ድካም ራስን ማሳወቁን አንክድም። ዳሩ ግን የኛ 16 ኪሎ ልክ የተበጀለት፣ ማሰሪያው በስፖንጅ የተሸፈነ፣ ከኪሱ ውስጥም የመመለሻ የባቡር ትኬት ያለበት ሸክም ነበር። በሰዘርላንድ አውራጃ የተባረሩት ሰዎች ከቤታቸው የጣራውን እንጨት ነቅለው ተሸክመው ሄደዋል፤ በዚያ አገር እንጨት ብርቅ ነውና በደረሱበት ቤት የሚሠሩት በዚያ ነበር። በዚያው ሸለቆ፣ በዚያው ዝናም፣ ሁለቱም በጀርባ ተሸክመው ተጓዙ ይባላል። ቃሉ አንድ ነው፤ ነገሩ ግን ለየቅል ነው።

ከኡላፑል በስተ ምሥራቅ ዱዋግ ድልድይ ከሚባለው ስፍራ ስንደርስ ያደርነው በትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ትንሽ ቤት ናት፤ በዚያ ሸለቆ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ልጆች ይማሩባት ነበር። ዛሬ ቦቲ ከሚባሉት የመንገደኛ መጠለያዎች አንድዋ ሆናለች። ቦቲ ማለት ባለቤቱ ፈቅዶ የተወው፣ ቁልፍ የሌለው፣ ኪራይ የማይጠየቅበት ቤት ነው፤ መቶ ያህል የሚሆኑትን በ1965 የተቋቋመ ማኅበር በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት ይጠግናቸዋል። ሰው ገብቶ ያድራል፤ ሲሄድ ጠርጎ በሩን ይዘጋል። በኛ አነጋገር የእግዚአብሔር እንግዳ የሚያድርበት ቤት ነው፤ ነገር ግን «ቤት ለእንግዳ» የሚል ሰው ከውስጥ የለም። መልካም ሥራ መሆኑን እየመሰከርን፣ ተማሪ በሌለበት ትምህርት ቤት ውስጥ እራታችንን ስናበስል እኛ መምህሩን፣ መምህሩም እኛን ለማየት አልደፈርንም።

በማግሥቱ ዋናውን መንገድ ትተን ኮረብታውን በማቋረጥ ክሮይክ ወደምትባለው ቤተ ክርስቲያን ወረድን። ታላቁ መሐንዲስ ቶማስ ቴልፎርድ በነደፈው ንድፍ በ1827 የተሠራች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ናት። በግንቦት ወር 1845 ግሌንካልቪ ከሚባለው ጎረቤት ሸለቆ የተባረሩ ሰማንያ ያህል ሰዎች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ጭምር፣ የሚሄዱበት አጥተው በመቃብሩ ግቢ ውስጥ ብርድ ልብስና ጨርቅ ወጥረው ሰነበቱ። ወደ ውስጥ አልገቡም። ከውጭ ሆነው በመስኮቱ መስተዋት ላይ በሹል ነገር እየጫሩ ጻፉ፤ ጽሑፉ ዛሬም ይነበባል። የግሌንካልቪ ሰዎች በዚህ ነበሩ ይላል፤ ቀኑንም ይጠቅሳል። በአንዲት ቁራሽ መስተዋት ላይ ደግሞ ስማቸውን ጽፈው ክፉ ትውልድ የሚል ቃል አክለውበታል። የደረሰባቸውን የኃጢአታቸው ቅጣት አድርገው ቈጥረውት ነው ይላሉ ብዙዎች። ለበደሉ ምክንያት ሲፈልጉ ያገኙት ራሳቸውን ነበር ማለት ነው።

ከዚህም በላይ ያቆመን ሌላ ነገር ነው። የሰዎቹ ቋንቋ ጌሊክ ነበር፤ የጻፉት ግን በእንግሊዝኛ ነው። እርስ በርሳቸው ሊነጋገሩ እንዳልጻፉት ገመትን። ከሩቅ ለሚመጣ፣ ቋንቋቸውን ለማያውቅ፣ በመስኮቱ በኩል አልፎ ለሚሄድ ሰው የጻፉት መሰለን። እንግዲህ ደብዳቤው ከደረሳቸው ሰዎች መካከል እኛም አለንበት።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ከግቢው አጥር ወዲያ ደልዳላና አረንጓዴ ሣር አየን። መምህሩ ጓዙን አውርዶ ድንኳኑን ይዘረጋ ጀመር። እኛ ግን ወደ ታች ወርደን ከወንዙ አጠገብ፣ በድንጋይና በረግረግ መካከል ተከልን። እርሱም ቆሞ ሲያየን ቆይቶ «ይህ ለማን ይጠቅማል?» ብሎ ጠየቀን። የምንመልሰው አልነበረንም። ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ፤ ሲነጋ የመኝታ ከረጢታችን ውሃ ጠጥቶ ሁለት ኪሎ ያህል ጨምሮ አገኘነው፤ እንደዚያው ተሸክመነው ወደ ምሥራቁ ባሕር ወረድን።